ያልሰረቅኩት የትራንስፎርመር ዘይት

የትራንስፎርመር ዘይት ሰርቀሃል ብለው በአገር ፊት ሌባ አሉኝ። አልሰረቅኩም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይህንኑ ለማስረዳት ነው፤ ሥራ ያለበት ሰው እዚሁ ላይ ትቶኝ መሄድ ይችላል።

መንደራችን በላሊበላ አካባቢ፣ ከብልባላ ወዲያ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ዛሬም እኖርባታለሁ፣ ከሰዎቿም ጋር በለቅሶ በሰርጉ እንገናኛለን።

በዚያን ጊዜ የገበሬ ማኅበሩን ወፍጮ፣ በፊት በናፍጣ ኋላም በኤሌክትሪክ፣ የማስነሳው እኔ ነበርኩ። እስከ ሽፋሽፍቴ ዱቄት የለበስኩ፣ ከወፍጮ ጩኸት ጋር ስፎካከር ኖሬ ሹክሹክታ የጠፋብኝ ሰው ነኝ። ምሥጢር ስነግር ጎረቤት «እህ» ይለኛል። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ነው መሰለኝ ማባሪያ አልነበረኝም። የማዳበሪያ ጆንያ አነባለሁ። የክብሪት ሣጥን አነባለሁ። ለቅሶ ቤት ገብቼ ድንኳኑ ላይ የተጻፈውን የእድር ስም ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ባለቤቴ ታንጉት በክርኗ ጎኔን ወግታኛለች። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የደረሰብኝ ነገር ግማሹ ከጉሮሮዬ፣ ግማሹ ከአዋቂነቴ የመጣ ስለሆነ ነው።

መብራት ወደኛ ሲገባ ከላሊበላ የመጡ ሠራተኞች ትራንስፎርመር የሚሉትን ግራጫ የብረት ሣጥን በሁለት ምሰሶ መካከል ሰቀሉት። ሣጥኑ ያረፈው ከእማ የሺ የድንጋይ አጥር በላይ ነው። እማ የሺ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ ቤታቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከሠራተኞቹ አንዷ ሰናይት የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። ምሰሶው ላይ ስትሠራ ሌላው ሰው በሩቁ ቆሞ ያያል፤ እኔ ግን ከሥሯ ቆሜ እጠይቃለሁ።

«ልጄ፣ ሆዱ ውስጥ ምን አለ?»

«አባቴ፣ ፈቀቅ ይበሉ፤ መፍቻ ይወድቅብዎታል።»

መፍቻው ወደቀ። ለጥቂት ሳተኝ። ደንግጣ ይሁን አዝናልኝ እንጃ፣ ከወረደች በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ።

«ከሩቅ የሚመጣው ኃይል እንዳለ ቤት ቢገባ ቤቱን ያነደዋል» አለች። «ዝቅ የሚያደርገው ይሄ ሣጥን ነው። ውስጡ ስስ ብረት እየተደራረበ የተሠራ ልብ አለው። ልቡ ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ። ከላይ ኃይሉን የሚቀበለው ቀጭን ነው፣ እጅግ ብዙ ጊዜ የተጠመጠመ። ወደ ቤት የሚያወርደው ወፍራም ነው፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ የተጠመጠመ። ጥምጥሙ ባነሰ መጠን ቮልቱም ያንሳል።»

«ሁለቱ ሽቦዎች የሚቀጣጠሉት የት ላይ ነው?»

«አይቀጣጠሉም። አይነካኩም።»

«ታዲያ መብራቱ በምን ይሻገራል?»

«በብረቱ ነዋ። የመጀመሪያው ሽቦ ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል። ማግኔቱ ወዲያና ወዲህ ሲገላበጥ በሁለተኛው ሽቦ ውስጥ መብራት ይቀሰቅሳል።»

ይህ በወፍጮዬ ገባኝ። ሞተሩ አንድ ፑሊ፣ ማለት ክብ መዘውር፣ አለው፣ ወፍጮው ሌላ ፑሊ አለው። ሁለቱ አይነካኩም፤ የሚያገናኛቸው የተጠመጠመባቸው ቺንጋ ነው። የአንዱ ስፋት ከሌላው ሲለይ ፍጥነቱም ይለያል። «ስለዚህ ይሄ ሁለት ፑሊ ነው፤ ቺንጋው ብቻ አይታይም» አልኳት።

ሰናይት ሳቀች። «አልተሳሳቱም» አለችኝ።

ያቺ ቃል ናት ያጠፋችኝ። በዕድሜዬ ሙሉ የተማረ ሰው አልተሳሳትክም ብሎኝ አያውቅም።

የቀረውንም ጠየቅኳት፤ ሳትሰለች ነገረችኝ። ከላይ የቆሙት ነጫጭ የሸክላ ቀንዶች ኃይል ያለው ሽቦ የሣጥኑን ብረት እንዳይነካ ያደርጋሉ። ከፍ ብለው የተንጠለጠሉት ፊውዞች ችግር ሲመጣ ተቃጥለው ይወድቃሉ፤ እነሱ ሞተው ሣጥኑን ያተርፋሉ። ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ከመብረቅ ያስጥላል። ሆዱ ደግሞ ዘይት ነው። ጥቅሎቹ ዘይቱ ውስጥ ጠልቀው ይኖራሉ፤ ዘይቱ እንዳይግሉ ያቀዘቅዛቸዋል፣ ብልጭታም እንዳይዘልባቸው ይከላከላል። በሣጥኑ ጎንና ጎን ያሉት ስስ ክንፎች ዘይቱ እየዞረ የሚበርድባቸው ናቸው። ከሥር ዘይቱን የሚያወርዱባት ትንሽ ቧንቧ አለች፤ በሽቦ ታስራ በእርሳስ ማኅተም ተዘግታለች።

በዚያው ሳምንት የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነበር። ጠላው ገና አንድ ዙር ሳይዞር ስለ ዘይቱ ጀመርኩ። ስለ ቧንቧዋም ነገርኳቸው፤ በባዶ እጄ የምፈታ እየመሰልኩ አሳየኋቸው። ከዚያ ቀን በፊት በመንደራችን ሣጥኑ ውስጥ ዘይት እንዳለ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ልብ በሉ፤ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በሪሁን የሚለው ስሜ ቀረ፤ «ኢንጂነሩ» ሆንኩ። ስሙን ያወጣልኝ አያ ድልነሳው ነው። አያ ድልነሳው የናፍጣ ወፍጮ ባለቤት ነው፤ መብራት ከገባ በኋላ ገበያው ቀዝቅዞበታል፣ ለዚያም የሚወቅሰው እኔን ነው፤ ሰማይ ላይ ሽቦ የዘረጋሁ ይመስል። ጠብመንጃ ይወዳል። በጥር ወር ልጁን ሲድር እማ የሺ ደጅ ላይ ቆሞ ሙሽሮቹን በተኩስ ነው የተቀበላቸው። «ሰማዩን ወንፊት አደረግኩት» እያለ እስከ ፋሲካ ሲያወራው ነበር።

በግንቦት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወፍጮው የሰው ገብስ ግማሽ ላይ እንዳለ ከውጭ እንደ መድፍ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩ አቃስቶ ቆመ። ወጥቼ ሳይ ፊውዞቹ ተቃጥለው ቁልቁል ተንጠልጥለዋል፤ ሣጥኑም ያን እንደ ንብ ቀፎ ያለ ድምፁን አያሰማም። መንደሩ ጭር አለ። ብዙም ሳይቆይ ከታች በኩል የአያ ድልነሳው ናፍጣ ወፍጮ ዱክ ዱክ ማለት ጀመረ። እንዴት እንዳንገበገበኝ አትጠይቁኝ።

ከላሊበላ ሁለት ሠራተኞች መጡ። ሰናይት አልነበረችም። ሌላ ቦታ የወደቀ መስመር ስለሚጠብቃቸው ይቸኩሉ ነበር። አንዱ መሰላል ላይ ወጥቶ የዘይቱን መጠን የምታሳየውን መስተዋት አይቶ ወረደ።

«ዘይቱ ከመስተዋቷ በታች ወርዷል» አለ። «ሽቦው ከዘይት ውጭ ሆኖ ነው የተቃጠለው። ሰው ቀድቶት ይሆናል፤ ሌላ ቦታም እንዲህ አጋጥሞናል። ተመልሰን እንመጣለን።»

ሄዱ። የቆመው ሕዝብ መኪናዋን አላያትም። እኔን አየኝ።

ሽማግሌዎች አውጫጭኝ ይቀመጥ አሉ። የከተማ አንባቢ ላያውቀው ይችላልና ልንገራችሁ፦ የሌባው ማንነት ሲጠፋ አገር በሙሉ አንድ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ያየ ይናገራል። በግልጽ መናገር የፈራ ደግሞ ወደ ሽማግሌዎቹ ቀርቦ በጆሯቸው ይነግራል፤ እነሱ ስሙን ሳይጠሩ «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ያሰማሉ። ሌባ ነው የተባለ ሰው እሳትና ውሃ ይከለከላል። ቤቱ ሰው ቢሞትበት የሚቀብርለት የለም፣ ቢቸግረው ፍም የሚሰጠው የለም። ከአገር ተነቀለ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከዚህች መንደር ሌላ የማውቀው አገር የለኝም፤ ለእርጅናም ተቃርቤአለሁ።

ወይራው ሥር ተቀመጥን። ሰብሳቢው አባ ገብረ መድኅን ነበሩ፤ የንስሐ አባቴ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ወፏ መጣች።

«ወፍ እንዲህ አለች» አሉ አባ፤ «በሪሁን ከሣጥኑ ሥር ቆሞ ሲያንጋጥጥ በየጊዜው ይታያል።»

ወፏ ጢም እንዳላት፣ ናፍጣ ናፍጣ እንደምትሸትም አውቄአለሁ፤ ግን ምን ታደርጋለህ። ተነሣሁ።

አሁን ጥፋቴን ተመልከቱ። «አልሰረቅኩም፣ ላሊበላን!» ብዬ ብቀመጥ ነገሩ ይበርድ ነበር። እኔ ግን ሣጥኑን ላስረዳቸው ተነሣሁ። እውቀቴን ሲያዩ ንጹሕነቴ የሚገባቸው መስሎኝ። ስለ ብረቱ ልብ ተናገርኩ። ስለ ክንፎቹ ተናገርኩ። ዘይቱን መቅዳት የፈለገ ሰው በየትኛው በኩል መውጣት እንዳለበት፣ ማኅተሙን በምን መቁረጥ እንደሚሻል፣ ቧንቧዋን ወደየት ማዞር እንዳለበት፣ ከሥር ምን ዓይነት ጀሪካን ማስቀመጥ እንደሚገባ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ታንጉት ከሴቶቹ መካከል ሆና እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ራሷን ትነቀንቅብኛለች። እየደነቃት መሰለኝ፤ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

አያ ድልነሳው ተነሣ። «አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቀው?»

«ጠይቀው።»

«ሁለቱ ሽቦዎች አይነካኩም ነው ያልከው?»

«አይነካኩም!»

«ሳይነካኩ መብራቱ ይሻገራል?»

«ይሻገራል እንጂ!»

«እንዲያ ከሆነ» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «አንተም ሣጥኑን ሳትነካው ዘይቱ ወደ ቤትህ ተሻግሮ ይሆናላ።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አባ ገብረ መድኅን እንኳ መቋሚያቸውን ተደግፈው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ስለ ቺንጋው ላስረዳ ብል የሚሰማኝ አልነበረም። ብዬም ነበር፤ አልሰሙኝም።

በማግስቱ ጠዋት ቤት ይበርበር ተባለ። ከማን ቤት እንደሚጀመር የጠየቀ የለም። ሁለት ሽማግሌዎችና አያ ድልነሳው ገቡ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ውጭ ቆምኩ፤ ቤቴ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ ብዬ። አያ ድልነሳው ሲወጣ በእጁ የሽሮፕ ጠርሙስ ይዟል። ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ቀጭን ማር ኩልል ያለ ዘይት አለ።

«ከአልጋቸው ራስጌ ነው» አለ።

አይቼው አላውቅም። ሚካኤልን፣ አይቼው አላውቅም!

ወይራው ሥር ተመልሰን ተቀመጥን። አባ ገብረ መድኅን ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱት። እንደገና አሸተቱት። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ከአጠገባቸው ላለው ሽማግሌ ሰጡት። እሱም አሸተተና ጋቢውን ወደ ጉልበቱ ሳብ አደረገ። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያሸተተ ሁሉ ምላሱ ይታሰራል፤ ቀና ብሎ ሰው አያይም። እንዲህ ያለ ዝምታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። የመጨረሻዬ መሆኑን አወቅኩ።

ታንጉትን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ጠርሙሱን የምታውቀው እሷ ናት! እንዴት እንዳገኘችው ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም። ብቻ እሷን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ ሲሏት ታየኝ። ተነሣሁና ጮህኩ፦

«የኔ ነው! የወሰድኩት እኔ ነኝ!»

ድምፄን ታውቁታላችሁ። ገደሉ ማዶ ደርሶ ተመለሰ፤ ሁለት ጊዜ አመንኩ።

አሁን ሳስበው፣ ያን ዝምታ ትንሽ ብታገሠው ኖሮ አባ ሊናገሩ ነበር። እኔ ሳምን ግን የሁሉም ፊት ፈካ። ሸክም የወረደለት ሰው ፊት ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«አመነ!» አለ አያ ድልነሳው። «እሳትና ውሃ ይከልከል!»

አባ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ከሳቸው በፊት ታንጉት ተነሣች። የተነሣችው በእኔ ላይ ነው።

«ምኑ ነው የአንተ? አንተ ሰውዬ አብደሃል? ጉልበትህ የታመመው መቼ ነው?»

«ታንጉት፣ ተቀመጪ» አልኳት፤ ላተርፋት።

«አልቀመጥም! ይሄ የጉልበቴ ቅባት ነው። የሰጡኝ እማ የሺ ናቸው። ያልነገርኩህም ብነግርህ አገር ስለሚሰማ ነው!» ወደ ሰብሳቢው ዞረች። «አባ፣ አንቱም ቤት አለ፤ ያደረስኩልዎ እኔው ነኝ። ትናንት ማታ አልተቀቡትም?»

አባ ገብረ መድኅን ሳሉ። አጠገባቸው ያለውም ሽማግሌ ሳለ። ከዚያ ወዲህ ማዶ ሳል፣ ወዲያ ማዶ ሳል። ለካስ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሁሉ፣ ፍርዱን የሚሰጡት ሳይቀሩ፣ ያንኑ ዘይት ተቀብተው ነው በእኔ ላይ የተቀመጡት። ጠርሙሱን ሲያሸቱ እያንዳንዱ የገዛ ጉልበቱን ነው ያሸተተው።

«ተቀብቼዋለሁ» አሉ አባ በመጨረሻ። «ከላሊበላ የመጣ የመነኩሴ ቅባት ነው ብለውኝ ነው። የሺ፣ ተነሺ።»

እማ የሺ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ከላሊበላ ነው» አሉ።

«እንግዲያ ማይ፣ በላሊበላ!» አሉ አባ።

መሐላ ሲባል አሮጊቷ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አባቴ፣ ቅባቱስ ከሰማይ ነው የወረደው» አሉ ቀስ ብለው። «አጥሬ ላይ ጠብ ጠብ ሲል አገኘሁት። ጣሳ አስቀመጥኩለት። ጉልበቴን ብቀባው ሞቀኝ። ሕዝቡ አውቆ አጥሬን እንዳያፈርስብኝ ነው ላሊበላ ያልኩት።»

«ከየትኛው ሰማይ ነው ጠብ ያለው?»

እማ የሺ ዘንጋቸውን አነሡና ሣጥኑን አሳዩ።

አያ ድልነሳው ዘለለ። «እንግዲህ ተማክረው ነው! እሱ ቧንቧውን ከፈተ፣ እሷ ጣሳ ደገነች!»

ክርክሩ እየጦፈ ሳለ የሠራተኞቹ መኪና አቧራ እያስነሣች ደረሰች። ወርዳ የመጣችው ሰናይት ናት። ያን ሁሉ ሰው ወይራው ሥር ተሰብስቦ ስታይ ለቅሶ መስሏት ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሲነግሯት ግን ነጠላዋን ጥላ፣ የራስ ቁሯን አጥልቃ፣ ከባልደረባዋ ጋር መስመሩ መዘጋቱን አረጋግጣ መሰላሏን አቆመች። እኛም ከአውጫጭኙ ተነሥተን በምሰሶው ዙሪያ ቆምን። እኔም ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ላይ አንጋጠጥኩ። ቧንቧዋ ተከፍታ ከተገኘች እኔ አልቆልኛል፤ እንዴት እንደምትከፈት ለአገር ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሰናይት ከሥር ጀመረች። ቧንቧዋን በጨርቅ ጠረገች።

«ማኅተሙ አልተነካም» አለች። «እኔው ራሴ ያሰርኩት ነው።»

ከዚያ በጣቷ የሣጥኑን ሆድ ከታች ወደ ላይ እያንኳኳች ወጣች። ከታች ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ወደ መካከል ስትደርስ ባዶ ድምፅ ሰጠ። እዚያ ላይ ቆመች።

«ከዚህ በታች ዘይት አለ» አለች። «ሌባ ቢቀዳው ከሥር ስለሚከፍተው አንድም ጠብታ አይተወውም ነበር። ይሄ እዚህ ከፍታ ላይ ነው መጉደሉን ያቆመው። ስለዚህ ቀዳዳው ከዚህ ከፍታ ላይ አለ ማለት ነው።»

መሰላሏን ወደ ኋላ፣ ወደ ገደሉ በኩል አዞረች። ያ ጎን ከመንገድ አይታይም። ጥቂት ቆይታ ትንሿን ጣቷን በአንደኛው ክንፍ ላይ አስገብታ አሳየችን። ቀዳዳው ጣቷን ልክ ይዞታል።

«ዝገት ነው?» አሉ አባ።

«ዝገት እንዲህ ክብ አይሆንም። ጥይት ነው።»

አባ ወደ አሮጊቷ ዞሩ።

«የሺ» አሉ አባ፤ «መንጠብጠብ የጀመረው መቼ ነው?»

እማ የሺ ክፋት የላቸውም። የሚያውቁትን ተናገሩ። «በጥር ነው፣ አባቴ። የአያ ድልነሳው ልጅ በተዳረ ማግስት።»

ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ዞረ። አያ ድልነሳው ሰማዩን ያይ ነበር። ወንፊት ያደረገውን ሰማይ። ከዚያ ወር ጀምሮ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ሲያልቅ፣ ጥቅሎቹም ከዘይት ወጥተው በግንቦት ሙቀት እስኪነዱ፣ አገሩ ሁሉ ከሥር በጣሳ ሲቀበል ከርሟል።

ሰናይት ከመሰላሉ ላይ ሆና አንድ ነገር ጨመረች፦ «እናቶች፣ አባቶች፣ ይሄ ዘይት መድኃኒት አይደለም፤ ቆዳ ይጎዳል። ዛሬውኑ በሳሙና ታጠቡት።»

ያን ቀን የመንደራችን ሳሙና አለቀ።

ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እንዳለ ትጠብቁ ይሆናል። ያን ቀን የለም። ሳቁ። ምሰሶውን ከበው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱ «ኢንጂነር፣ ለምን አመንክ?» ሲለኝ ሌላው ገደሉን መስሎ «የኔ ነው… ኔ ነው…» ይለኛል። እስከ ዛሬ ድረስ ልጆች ሲያዩኝ ገደሉን ይመስሉብኛል። ሌባ መባሌን ረስተውልኛል፤ ያላደረግኩትን ማመኔን ግን የረሳልኝ የለም።

ታንጉት ማታ እግሯን ስትታጠብ፣ «ለኔ ብለህ ነው?» አለችኝ።

«ለማን መሰለሽ?»

«ሞኝ» አለችኝ። ያን ቃል ባለችበት ለዛ ሌላ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ጉልበቷን ሲያማት ትነግረኛለች፤ እኔም ድምፄን ቀንሼ ለመመለስ እሞክራለሁ፤ አይሳካልኝም፤ ጎረቤት «እግዚአብሔር ይማራት» ይላል።

እናንተ አንባቢዎች፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ የምነግራችሁ ብዙ አይደለም። የተማርኩት ነገር ትክክል ነበር፤ ሁለቱ ሽቦዎች አይነካኩም፣ ዘይቱ ያበርዳል፣ ቧንቧዋም ከሥር ናት። አንዱም አልተሳሳተም። ሌባ አድርጎ ያስቀመጠኝም ይኸው ትክክሉ ነው። እኔ ማወቄን እንዲያዩልኝ ነበር የምናገረው፤ ሰዎቹ ግን የሚያዩት ማወቄን ሳይሆን ማን ሊያደርገው እንደሚችል ነው። ስትከሰሱ እጃችሁን አሳዩ እንጂ እውቀታችሁን አታሳዩ። ሰናይት ሕዝቡን ማስረዳት አልጀመረችም፤ ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገባችና ጨረሰች። ያቺን ጣት ሳስብ አሁንም እቀናለሁ።

ደግሞም ልክ ነው፣ መራራ ሰው ነኝ። ይቅር በል ያለኝ ሁሉ የሚለኝ «ሳቅንበት እኮ፣ አለቀ» ነው። እኔ ላይ የደረሰውን የሚጨርሰው የእነሱ ሳቅ አይደለም። እሳትና ውሃ ሊከለከል የነበረው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሽማግሌ በላኩብኝ ቁጥር መለስኳቸው። አያ ድልነሳው በመጨረሻ ራሱ መጣ፤ በአገሩ ደንብ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ። ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ሰውየው በድንጋዩ አልዋሸኝም።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ ደጄ ላይ ተንበርክኮ።

«ሌባ ያልከኝ በአገር ፊት ነው። በአገር ፊት መልሰው።»

«የት?»

«ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ። በሩ ላይ ቆመህ።»

ላቡ በጢሙ ላይ ይወርዳል። «ድንጋዩን ላውርድ?»

«መልስህን ስሰማ።»

«እሺ» አለ። አወረድኩለት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስናወርደው ከእኔም ከእሱም ጉልበት ቀጭ የሚል ድምፅ ወጣ፤ ሁለታችንም ሰምተናል፤ ሁለታችንም ስለ ቅባት አላነሣንም።

ቃሉን ጠበቀ። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጠብመንጃውን ሳይዝ፣ «በሪሁን ሌባ አይደለም፤ ዘይቱን ያፈሰሰው የኔ ጥይት ነው» አለ። ቀስ ብሎ ነበር ያለው። ኋላ ያሉት አልሰሙም። እኔ ከመካከል ሆኜ «ጮክ በል!» አልኩት፤ ጮክ ብሎ ደገመው። አባ ገብረ መድኅን መስቀላቸውን አሳለሙን። ነገሩ የተዘጋው በሰኔ ሚካኤል፣ ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ነው።